የፒክልቦል ራኬት ላይ ያለው ማኅተም ምን ያረጋግጣል?

ጥያቄውን የላኩት ለገጣፎ የሚያስተምሩ የሰውነት ማጎልመሻ መምህር ናቸው። በትምህርት ቤታቸው የባድሜንተን ሜዳ ላይ ቅዳሜ ቅዳሜ መምህራንና የሰፈሩ ወጣቶች ፒክልቦል ይጫወታሉ፤ ቀዳዳ ያላትን የፕላስቲክ ኳስ በጠፍጣፋ ራኬት በመረብ ላይ እየመቱ የሚጫወቱት ጨዋታ ነው። አራት ራኬት እህታቸው ከአሜሪካ ይዛላቸው መጣች፤ ስድስቱን ደግሞ ከዱባይ ዕቃ የሚያመላልስ ነጋዴ አመጣላቸው። አሥሩም ላይ «በዩኤስኤ ፒክልቦል» (በአሜሪካ የፒክልቦል ማኅበር) «የተፈቀደ» የሚል ምልክት ታትሟል። ከተጫዋቾቹ አንዱ «የዱባዮቹ ፎርጅድ ናቸው፣ በነሱ ውድድር አይደረግም» ብሎ ነገሩ ክርክር ሆነ። መምህሩ የሚጠይቁት ሦስት ነገር ነው፦ ማኅተሙ ምን ማለት ነው? ለገና ሰሞን ባሰቡት ትንሽ ውድድር ማኅተም የሌለውን ራኬት መከልከል አለባቸው? የሰፈራቸው አናጺ ከኮምፔርሳቶ ቢሠራላቸውስ?

መምህር፣ ሰላም ለእርስዎና ለተጫዋቾችዎ። እኔ ገላን አካባቢ ባለ የብረታ ብረት ወርክሾፕ ውስጥ የልኬት ፍተሻ እሠራለሁ፤ ፒክልቦልም እጫወታለሁ። ጥያቄዎ ሁለቱንም ስለሚነካ በደንብ ልመልስልዎት እፈልጋለሁ።

ዋናውን ላስቀድም። ማኅተሙ የሚመሰክረው ለሞዴሉ ነው። በእጅዎ ለያዙት ለዚያ አንድ ራኬት ማንም አልመሰከረም። አሠራሩ እንዲህ ነው፦ አምራቹ ናሙና ራኬቶችን ወደ ቤተ ሙከራ ይልካል፤ እዚያ ይለካሉ፤ ካለፉ የአምራቹ ስምና ሞዴሉ በተፈቀዱ ራኬቶች ዝርዝር ላይ ይሰፍራል። ፋብሪካው ከዚያ በኋላ በሺዎች ያመርታል፣ ማኅተሙንም በሁሉም ላይ ያትማል። የእርስዎን ራኬት ግን ቤተ ሙከራ ውስጥ ያየው የለም።

ይህ የቃላት ጨዋታ እንዳይመስልዎት። እ.ኤ.አ. በሜይ 2024 ዩኤስኤ ፒክልቦል የታወቀውን የጁላ ኩባንያ ሦስተኛ ትውልድ ራኬቶች ከዝርዝሩ አወጣቸው። ምክንያቱ ለፍተሻ የተላከውና ሱቅ ላይ የሚሸጠው አንድ ሆኖ አለመገኘቱ ነበር። ኩባንያው የአስተዳደር ስህተት ነው አለ፤ ነገሩ ፍርድ ቤት ድረስ ሄደ። ከእነዚህ ራኬቶች መካከል በወቅቱ በዓለም ቀዳሚ ከነበሩት ተጫዋቾች አንዱ በሆነው በቤን ጆንስ ስም የሚሸጡ ነበሩባቸው። ብዙ ገንዘብ አውጥቶ የገዛ ሰው አንድ ቀን ማለዳ ተነስቶ ራኬቱ ለውድድር እንደማይሆን ሰማ። ራኬቱ ላይ ያለው ማኅተም ግን ያው በቦታው ነበር። ስለዚህ ሁልጊዜ መታየት ያለበት የዛሬው ዝርዝር ነው፤ የታተመው ምልክት በታተመበት ቀን የነበረውን ብቻ ነው የሚናገረው።

ሁለተኛ ነገር። እኛ አገር የምርት ምልክት ስናይ የሚታሰበን ጥንካሬና ደኅንነት ነው። የኢትዮጵያ ደረጃዎች ኢንስቲትዩት ደረጃ ያወጣል፣ የተስማሚነት ምዘና ድርጅት ይፈትሻል፤ ብሎኬቱ ይሰበራል አይሰበርም፣ የኤሌክትሪክ ገመዱ ያቃጥላል አያቃጥልም የሚለው ይመዘናል። ዩኤስኤ ፒክልቦል ግን የስፖርት ማኅበር ነው። የሚጠብቀው የጨዋታውን ሚዛን ነው፤ ራኬቱ ለተጫዋቹ ያልተገባ ብልጫ እንዳይሰጥ። ማኅተም ያለው ራኬት በሁለት ወር እጀታው ሊላቀቅ ይችላል። ማኅተም የሌለው ደግሞ ዓመታት ሊያገለግል ይችላል። «የተፈቀደ» ማለት «ጥሩ ዕቃ» ማለት አይደለም፤ ነጋዴዎች ግን ሁለቱን አንድ አድርገው ይሸጡታል፣ ይህ ያናድደኛል።

አሁን ምን ምን እንደሚለካ እንይ። መጠኑ ቀላሉ ነው፦ የራኬቱ ርዝመትና ስፋት ተደምሮ፣ የጠርዝ መከላከያውና የእጀታው ቆብ ጭምር፣ ከ24 ኢንች ወይም ከ60.96 ሴንቲ ሜትር መብለጥ የለበትም። ርዝመቱ ብቻውን ከ17 ኢንች፣ ማለትም ከ43.18 ሴንቲ ሜትር አይበልጥም። 16 ኢንች ርዝመት ያለው ራኬት 8 ኢንች ስፋት ይፈቀድለታል፤ 16 ተኩል ከሆነ ስፋቱ ወደ 7 ተኩል ይወርዳል። ለክብደትና ለውፍረት ገደብ የለም። ይህን እርስዎ በልብስ ሰፊ ሜትር ማረጋገጥ ይችላሉ።

ሸካራነቱ ላይ ግን ትንሽ ልቆይ፤ የኔም ሙያ እዚህ ላይ ነው። ኳሷ ራኬቱ ላይ የምትቆየው ለቅጽበት ነው፤ በዚያች ቅጽበት ፊቱ ኳሷን ከያዛት ትሽከረከራለች፤ ስትሽከረከር አየር ላይ ትጎብጣለች፣ መሬት ስትነካም አቅጣጫ ትቀይራለች። ፊቱ የብርጭቆ ወረቀት ቢሆን ጨዋታው የእጅ ብልሃት መሆኑ ቀርቶ የራኬት ግዢ ውድድር ይሆናል። ስለዚህ ገደብ ተቀመጠ፦ የሸካራነቱ አማካይ ከፍታ፣ እኛ ወርክሾፕ ውስጥ «አር ዜድ» የምንለው፣ ከ30 ማይክሮ ሜትር እንዳይበልጥ፤ ከከፍተኛው ጉብታ እስከ ጥልቁ ጉድጓድ ያለው ጠቅላላ ልዩነት፣ «አር ቲ» የሚባለው፣ ከ40 ማይክሮ ሜትር እንዳይበልጥ። የሰው ፀጉር ውፍረት 70 ማይክሮ ሜትር ገደማ ስለሆነ፣ የምንነጋገረው የፀጉር ግማሽ ገደማ ስለሚሆን ነገር ነው። የሚለካው ሹል መርፌ ባለው መሣሪያ ነው፤ ደንቡ የስታሬት ኩባንያን ሸካራነት መለኪያ ይጠቅሳል። ቶርኖ ቤት የሠራ ሰው መሣሪያውን ያውቀዋል፤ መርፌዋ በፊቱ ላይ በቀስታ ትጎተትና ጉብታውን ሁሉ በመስመር ትስላለች።

አንድ የካርቦን ራኬት እንዲህ ሲለካ ማየት ደስ ይላል። ጥሬ ካርቦን የሚባለው ፊት ላይ ሸካራነቱ በቀለም የመጣ አይደለም። ሙጫው ሳይደርቅ ሸካራ ጨርቅ ይለበጥበታል፣ ሲደርቅ ጨርቁ ይላጣል፣ የጨርቁ ሽመና አሻራ ሙጫው ላይ ይቀራል። መርፌዋ ስትሄድ መስመሩ ወጣ ገባ፣ ወጣ ገባ እያለ እንደ ጨርቁ ክር እኩል እኩል ይመጣል። ርካሹ ራኬት ላይ ግን ብዙ ጊዜ የሚገኘው ቅንጣት የተቀላቀለበት ቀለም ነው። እዚያ መስመሩ ሥርዓት የለውም፤ አንድ ቦታ ዝም ይላል፣ ሌላ ቦታ ድንገት ይዘላል። አማካዩ ሊያልፍ ይችላል፣ «አር ቲ» ግን በአንዲት ትልቅ ቅንጣት ምክንያት ይወድቃል። ሁለቱ ቁጥሮች አብረው የተደነገጉት ለዚህ ነው። ደንቡም አሸዋ ወይም የጎማ ቅንጣት ያለበትን ቀለም፣ ጎማ የለበሰ ፊትንና የብርጭቆ ወረቀት የሚመስል ነገርን ሁሉ ለይቶ ይከለክላል።

መሣሪያው ስለሌለዎት እንዲህ ያድርጉ፦ ፊቱን በእርጥብ ነጭ ጨርቅ ጫን አድርገው ይጥረጉ። ጨርቁ ላይ ቀለም ወይም ብናኝ ከቀረ ፊቱ በቀለም የተሸካከረ ነው፣ ከጥቂት ሳምንት በኋላ ልስልስ ይላል። ይህ ወንጀል አይደለም፤ ራኬቱ ግን በመስከረም የገዙት ራኬት ሆኖ ለገና አይደርስም።

ሦስተኛው ልኬት ኃይል ነው፤ ክርክሩ ሁሉ ዛሬ ያለው እዚህ ላይ ነው። ድሮ የሚፈተሸው ግትርነት ነበር። ፊቱ ላይ ክብደት ይጫናል፣ ምን ያህል እንደጎበጠ ይለካል፤ ብዙ የሚጎብጥ ፊት ኳስን ያስፈነጥራል ተብሎ ነው። ከዚያ በሙቀት ተጨምቀው የሚሠሩ፣ ጠርዛቸው በፎም የተሞላ ራኬቶች መጡ። በክብደት ሲጫኑ ግትር ናቸው፣ በፍጥነት የመጣች ኳስ ስትመታቸው ግን ያስፈነጥራሉ። ልኬቱ የሚለካውን ነገር ስቶ ነበር ማለት ነው፤ በሙያዬ ከዚህ የከፋ ችግር የለም፣ ቁጥሩ ትክክል ሆኖ ጥያቄው ስህተት ሲሆን። በዚህ ምክንያት ዩኤስኤ ፒክልቦል እ.ኤ.አ. ከ2024 መጨረሻ ጀምሮ የመንጠር ልኬት አመጣ፦ ኳስ በአየር ግፊት መሣሪያ ራኬቱ ላይ ይተኮሳል፣ በምን ያህል ፍጥነት እንደተመለሰ ይለካል። በዚያው ዓመት የባለሙያዎችን ውድድር የሚመሩት አካላት ዩፒኤ-ኤ የሚባል ሌላ ማኅበር መሥርተው የራሳቸውን ማረጋገጫ ጀመሩ። ስለዚህ አንድ ራኬት በአንዱ ተፈቅዶ በሌላው ላይፈቀድ ይችላል። አንድ ቀን ተማሪዎ አሜሪካ ሄዶ ለመወዳደር ቢበቃ የሚጠይቀው «ማኅተም አለው ወይ» ብሎ ብቻ እንዳይሆን፤ «ውድድሩ የሚቀበለው የማንን ዝርዝር ነው» ይበል። በዩኤስኤ ፒክልቦል ደንብ ያልተፈቀደ ራኬት ግጥሚያ ሳይጀመር ከተገኘ ይቀየራል፤ ግጥሚያው ከተጀመረ በኋላ ከተገኘ ግን ተጫዋቹ ተሸናፊ ይሆናል።

ኃይሉ ለምን እንዲህ እንደሚያስጨንቅ እርስዎ ሜዳው ላይ ቆመው ያውቁታል። ኪችን የምንለው፣ ውስጡ ቆሞ ኳስን መሬት ሳትነካ መምታት የማይፈቀድበት ክልል፣ ከመረቡ በሁለቱም በኩል 7 ጫማ ነው። ሁለት ተጫዋቾች መስመሩ ላይ ፊት ለፊት ሲቆሙ በመካከላቸው ያለው 14 ጫማ፣ 4.27 ሜትር ብቻ ነው። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የምትበር ኳስ ያንን ለመሻገር ሩብ ሰከንድ አካባቢ ይበቃታል። ዓይን ላይ ብታርፍስ? በዚህ ላይ ያለነው ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነው። እዚህ አየሩ ከባሕር ጠረፍ ይልቅ አንድ አምስተኛ ያህል ስስ ስለሆነ ኳሷን እምብዛም አያዘገያትም። ባሕር ዳርቻ ላይ በልኩ የሆነ ራኬት ለገጣፎ ላይ ይፈጥናል። ለዚህ ነው ለጀማሪዎች ኃይለኛ ራኬት አልመክርም፣ የዓይን መከላከያ መነጽር ግን አጥብቄ የምመክረው፤ በተለይ ለልጆች።

ራኬት ሲያረጅ ኃይሉ ሊጨምር እንደሚችልም ይወቁ። ብዙ ሰው ተቃራኒውን ነው የሚያስበው። የራኬቱ ሆድ ብዙውን ጊዜ የማር እንጀራ ቅርጽ ያለው የፖሊፕሮፒሊን ፕላስቲክ ነው፤ ፊቱ በሁለቱም በኩል በሙጫ ተለጥፎበታል። በምት ብዛት ሙጫው ሲለቅ ወይም የውስጡ ፕላስቲክ ሲደቅ ፊቱ እንደ ልብ ይርገበገባል፣ ኳሷንም ያስፈነጥራል። እንዲህ የሆነ ራኬት ማኅተሙ ቢኖርም በደንቡ አይፈቀድም። ይህንን በሳንቲም ማወቅ ይቻላል፤ የአውሮፕላን ክፍል የሚፈትሹ ባለሙያዎችም የሚጠቀሙበት ዘዴ ነው። የአንድ ብር ሳንቲም ይያዙና ፊቱን ከእጀታው ጀምረው እስከ ጫፉ፣ ከዚያም ከግራ ወደ ቀኝ፣ በየሁለት ጣት ልዩነት ቀስ ብለው ያንኳኩ። ጤነኛው ቦታ ጥርት ያለ፣ አጭር ድምፅ ይሰጣል። የለቀቀው ቦታ ድምፁ ይታፈናል፣ ዝቅ ይላል። ወደ ጠርዙ ሲደርሱ ድምፁ መለወጡ ያለ ነው፣ አያስደንግጥዎት፤ የሚፈልጉት መሃል ላይ ያለ፣ ከአካባቢው የተለየ እድፍ መሰል ቦታ ነው። ካገኙ በእርሳስ ያክብቡት፣ በሚቀጥለው ወርም እንደገና ያንኳኩ። ከሰፋ ያ ራኬት ለልምምድ ይቅር።

እንግዲህ ስለ አሥሩ ራኬቶች። ደንቡ የአምራቹ ስምና የሞዴሉ ስም ወይም ቁጥር ራኬቱ ላይ በግልጽ እንዲኖር ያዝዛል። የስድስቱን ስም ከነሞዴሉ ይጻፉና የዩኤስኤ ፒክልቦል ድረ ገጽ ላይ ያለውን ዝርዝር ይክፈቱ፤ በነጻ ነው። ውፍረቱንም ያስተውሉ፦ 14 ሚሊ ሜትሩ ተፈቅዶ ሳለ 16ቱ ስሙ ሊጠፋ ይችላል። የአምራቹ ስም ጭራሽ ከሌለ፣ ወይም ራኬቱ ላይ ከማኅተሙ በቀር ምንም ሞዴል ካልተጻፈ፣ ማኅተሙ ዋጋ የለውም፤ ተጫዋችዎ የተጠራጠረው ልክ ነው። ስሙ ካለ ደግሞ ፎቶውን ከራኬቱ ጋር ጎን ለጎን ያድርጉ፣ በኩሽና ሚዛን ይመዝኑት፣ አምራቹ ከሚለው ክብደት በብዙ ከራቀ የተኮረጀ ሊሆን ይችላል። የእህትዎንም አራት ይፈትሹ። ከአሜሪካ መጣ ማለት ዝርዝሩ ላይ አለ ማለት አይደለም፣ እዚያም በኢንተርኔት ብዙ ነገር ይሸጣል።

ለገና ውድድር ግን ማኅተም አይጠይቁ። ይህ የኔ ቁርጥ ያለ አስተያየት ነው። ውድድርዎ የዚያ ማኅበር ውድድር ስላልሆነ ማኅተሙ በእናንተ ሜዳ ላይ ሥልጣን የለውም፤ ቢጠይቁ የሚቀሩት ዘመድ ውጭ አገር የሌላቸው ልጆች ናቸው። የማኅተሙን ዓላማ ግን ይውሰዱት። መጠኑን በሜትር ይለኩ፤ ጎማ የለበሰ፣ አሸዋማ ወይም የተሰነጠቀ ፊት ያለውን ይመልሱ፤ ሳንቲሙን ያንኳኩ፤ ኳሱ ለሁሉም አንድ ዓይነት ይሁን። ከሁሉ በላይ ደግሞ በአንድ ግጥሚያ ውስጥ ያሉ ተጫዋቾች ሁሉ አንድ ዓይነት ራኬት ይያዙ። የጥንድ ጨዋታ የሚፈልገው አራት ራኬት ነው፣ የእህትዎ አራቱ አንድ ሞዴል ከሆኑ አንዱን ሜዳ ይሸፍናሉ፣ የዱባዮቹ ሌላውን። እንዲህ ከሆነ ፎርጅድ ይሁን አይሁን ማንም ብልጫ አያገኝም፣ ክርክሩም ያበቃል።

እጀታ ላይ ጨርቅ መጠቅለል፣ ጠርዙ ላይ መከላከያ ቴፕ ወይም ለክብደት የእርሳስ ቴፕ መለጠፍ በደንቡም የተፈቀደ ነው፤ ልጆቹን አይከልክሏቸው። ፊቱን በብርጭቆ ወረቀት «ማደስ» ግን የለም። መረቡንም አይርሱ፦ የባድሜንተን የጥንድ ሜዳ ከፒክልቦል ሜዳ ጋር እኩል ነው፣ 20 በ44 ጫማ፤ መረቡ ግን በጎን 91.4፣ መሃሉ ላይ 86.4 ሴንቲ ሜትር ድረስ መውረድ አለበት።

አናጺውን በደስታ ይጥሩት። ጨዋታው እ.ኤ.አ. በ1965 ዋሺንግተን ግዛት ባይንብሪጅ ደሴት ላይ ሲጀመር ራኬቶቹ እንጨት ነበሩ፤ ከጀማሪዎቹ አንዱ ባርኒ ማካለም ቤቱ ውስጥ በመጋዝ ማሽን ይቆርጣቸው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1984 የቦይንግ መሐንዲስ የነበረው አርለን ፓራንቶ ለአውሮፕላን ወለል የሚውል የማር እንጀራ ቅርጽ ያለው ሰሌዳ ወስዶ የመጀመሪያውን የተነባበረ ራኬት ሠራ፤ የዛሬዎቹ ሁሉ የዚያ ልጆች ናቸው። እንጨት ዛሬም በደንቡ አልተከለከለም።

ለአናጺው የሚሰጡት ልኬት ይኸው፦ ጠቅላላ ርዝመት 40 ሴንቲ ሜትር፣ ከዚህ ውስጥ 13ቱ እጀታ፤ የፊቱ ስፋት 20። ከ60.96 በታች ስለሆነ መጠኑ ያልፋል። 9 ሚሊ ሜትር ኮምፔርሳቶ አይምረጡ፣ ራኬቱ 300 ግራም አልፎ የልጅ አንጓ ያደክማል። 6 ሚሊ ሜትሩ እጀታው ላይ በሁለቱም በኩል ቀጭን እንጨት በኮላ ተለጥፎበት ወደ 240 ግራም ይመጣል፤ የፋብሪካ ራኬቶችም በአብዛኛው ከ210 እስከ 240 ግራም ናቸው። ሚስማር አይግባበት። ማዕዘኖቹ ይክበቡ፣ ጠርዙ በብርጭቆ ወረቀት ይለስልስ፣ ፊቱ ሁለት እጅ ቫርኒሽ ይቀባ፤ ቫርኒሹ ላይ ምንም ነገር አይነስነስ። ኮላው አንድ ሌሊት በሞርሳ ተይዞ ይደር። የእጅ ገመድ ማስገቢያ ቀዳዳ ከፈለጉ እጀታው ጫፍ ላይ ይበሳ፤ ፊቱ ላይ ቀዳዳ አይፈቀድም።